ድምፅ አልባው ራኬት፦ የ1952ቱ የቦምቤይ ሻምፒዮና ሲመረመር

በፌብሩዋሪ 1952 የዓለም ጠረጴዛ ቴኒስ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እስያ ሄደ። አስተናጋጇ የህንዷ ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1926 ለንደን ላይ ከተጀመረው ሲቆጠር 19ኛው ነው፤ ከዚያ በፊት ከአውሮፓ የወጣው አንዴ ብቻ፣ በ1939 ወደ ካይሮ ነበር።

የወንዶች ነጠላን ያሸነፈው ማንም ያልጠበቀው ጃፓናዊ፣ ሂሮጂ ሳቶ ነው። መነጽር ያደርጋል፤ ሲታይ ስፖርተኛ አይመስልም። አገሩ በዓለም ሻምፒዮና ስትሰለፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው። የጃፓንን ወረራ በሕግ ያበቃው የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ስምምነት እንኳ ሥራ ላይ የዋለው ከውድድሩ በኋላ፣ አፕሪል 28 ቀን ነው። ሳቶ በፍጻሜው የሃንጋሪውን ዮዤፍ ኮትሲያንን ረትቶ ዋንጫውን ሲወስድ በእጁ የነበረው ራኬት በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ ነበር። ኳስ ሲመታበት ድምፅ አይሰማም።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በአጭሩ ነው፦ አንድ ሰው አዲስ መሣሪያ ይዞ መጣ፣ ዓለምን አሸነፈ፣ ጨዋታው ተለወጠ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን አጭሩ ታሪክ አይበቃም። ሳቶ ከዚያ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ራኬቱም በዚያ መልኩ ብዙ አልቆየም፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በሕግ ተከለከለ። ታዲያ በቦምቤይ ያሸነፈው ምንድን ነው? የእኔ መልስ ጊዜ ነው የሚል ነው። የሳቶ ተጋጣሚዎች አዲሱን ነገር ለመልመድ የሚያስፈልጋቸው ጊዜና የውድድሩ አሠራር የሰጣቸው ጊዜ አልተመጣጠኑም። ስፖንጁ ያንን ክፍተት የከፈተ መሣሪያ ነው። ክፍተቱ ሲዘጋ የተረፈው ደግሞ ከሳቶ ጨዋታ ጋር እምብዛም የማይመሳሰል ሌላ ጨዋታ ነበር።

ከቦምቤይ በፊት

በዚያ ዘመን ሁሉም የሚጫወተው በአንድ ዓይነት ራኬት ነበር ማለት ይቻላል፦ እንጨት፣ በላዩም ትናንሽ ነጠብጣብ እብጠቶች ያሉበት ስስ ጎማ። ኳሱ የእብጠቶቹን ጫፍ ነክቶ ወዲያው ይለቃል። ሽክርክሪት ቢኖርም ትንሽ ነው። የኳሱ ፍጥነት ከክንዱ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የተጋጣሚውን ክንድ ያየ ሰው ኳሱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመጣ ያውቃል። በዚህ ራኬት የሃንጋሪው ቪክቶር ባርና አምስት ጊዜ፣ ሪቻርድ በርግማን አራት ጊዜ የነጠላ ሻምፒዮን ሆነዋል። እንግሊዛዊው ጆኒ ሊች በ1949 እና በ1951 ያሸነፈውም በዚሁ ነው። ሃንጋሪ በቡድን የሚሰጠውን የስዌይትሊንግ ዋንጫ ደጋግማ ወስዳለች። የዋንጫው ስም የመጣው ከመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ከአይቨር ሞንታጉ እናት፣ ከሌዲ ስዌይትሊንግ ነው።

የዚያ ጨዋታ ችግር ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ ነበር። በጥሩ ተከላካይ ላይ ነጥብ ማስቆጠር ከባድ ነው። በ1936ቱ የፕራግ ሻምፒዮና የፖላንዱ አሎይዚ ኤርሊህ እና የሩማንያው ፓኔት ፋርካሽ ሲገናኙ የመጀመሪያዋ ነጥብ ብቻዋን ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀች። አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲመልስ፣ ዳኛው ኳሷን ከግራ ወደ ቀኝ ሲከተል ቆየ። ፌዴሬሽኑ ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም። መረቡን ወደ 15.25 ሳንቲሜትር አወረደ፣ ለአንድ ጨዋታም የሰዓት ገደብ አበጀ። በ1937 ደግሞ ኳሱን በጣት አሽከርክሮ ሰርቭ ማድረግን ከለከለ፤ በዚያ ዘዴ የተካኑት አሜሪካውያን ነበሩ።

ይህ ልማድ ለኋላው ጉዳይ ይጠቅመናል። ፌዴሬሽኑ ጨዋታውን የሚያበላሽ ነገር ሲያይ ሕግ ከመለወጥ ወደኋላ የሚል አልነበረም። መረብ፣ ሰዓት፣ ሰርቭ፣ ሁሉንም ነክቷል። ያልነካው ራኬቱን ነው። የራኬት ሕግ መጠኑም ቅርጹም ክብደቱም የተሠራበትም ነገር እንደፈለጉ ይሁን የሚል ዓይነት ነበር። ማንም ያን በር ስላልገፋው ክፍት መሆኑ አልታወቀም።

በሳቶ እጅ የነበረው

የሳቶ ራኬት በብዕር አያያዝ የሚያዝ ነበር፦ እጀታው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይገባል፣ አንዱ ፊት ብቻ ይመታል። ልዩ የሚያደርገው ሽፋኑ ነው። እብጠት ያለው ጎማ የለውም፤ ያለው ራቁቱን ስፖንጅ ነው፣ እሱም ወፍራም።

ስፖንጅ ኳሱን ይውጣል። ኳሱ ሲያርፍ ይሰምጣል፣ ለአፍታም ቢሆን ይቆያል፣ ከዚያ ይተፋዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ኃይሉ ነው። በቀስታ የነካ ሰው ኳሱን ሊያሞተው ይችላል፤ ጠንክሮ የመታ ደግሞ ክንዱ ከሚያሳየው በላይ ፈጣን ኳስ ያገኛል። ለተጋጣሚው የሚመጣው ኳስ ከሚያየው ክንድ ጋር አይስማማም። ዕድሜ ልኩን ክንድ በማንበብ ላይ የተመሠረተ ተጫዋች አሁን ክንዱ ይዋሸዋል።

ሁለተኛው ድምፁ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝም ይህ ነው። በጎማው ራኬት ጨዋታ ውስጥ ጥርት ያለ ዜማ አለ፦ ራኬት፣ ጠረጴዛ፣ ራኬት፣ ጠረጴዛ። ተጫዋቹ ሆን ብሎ ባያዳምጠውም ሰውነቱ በዚያ ይመራል። የኳሱ ድምፅ ምን ያህል በጥንካሬ እንደተመታ ዓይን ከማረጋገጡ በፊት ይነግረዋል። በሳቶ በኩል ግን ከአራቱ ምቶች አንዷ ጠፋች። ከበሮ መቺ አንዷን ምት ቢዘል የጨፋሪው እግር እንደሚሳሳት ሁሉ፣ የሳቶ ተጋጣሚም እጁ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርስ ነበር። በዚህ ደረጃ ባለ ጨዋታ ደግሞ ትንሽ መዘግየት ኳሱን ከጠረጴዛው ውጭ ለመጣል ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሳቶ ኃይለኛ አጥቂ ነበር ማለት አይደለም። ጨዋታው ተጋጣሚው የሚልክለትን ኳስ ተቀብሎ በማይጠበቅ ፍጥነት መመለስ ላይ የቆመ ነበር። ስፖንጁ የሌላውን ኃይል ይጠቀማል። ስለዚህ የበለጠ የተጎዱት የሚመቱት ናቸው፤ የበለጠ በመቱ ቁጥር የበለጠ ችግር ወደራሳቸው ይመለሳል።

አሥሩ ቀን

የቦምቤይን ውጤት ሙሉውን ማየት አለብን፤ የሳቶ ዋንጫ ብቻውን ሲነሳ ምስሉ ይዛባል። ጃፓን ከዚያ ውድድር አራት ዋንጫ ይዛ ተመለሰች። ከሳቶ ነጠላ ሌላ የወንዶች ጥንድን ኖሪካዙ ፉጂ እና ታዳኪ ሃያሺ፣ የሴቶች ጥንድን ሺዙኪ ናራሃራ እና ቶሚዬ ኒሺሙራ አሸነፉ። የሴቶች ቡድንም የኮርቢዮን ዋንጫን ወሰደ። የወንዶች ቡድን ዋንጫ ግን ለሃንጋሪ ሆነ።

ከዚህ የሚነበበው ምንድን ነው? የመጀመሪያው፣ ይህ ቡድን አንድ ተአምረኛ ሰው ያጀበ ቡድን አልነበረም። ሳቶ ጠረጴዛው ላይ በሌለበት ሦስት ዋንጫ ተገኝቷል። አውሮፓውያን ጃፓንን ስለማያውቋት እንግዳ መሰለቻቸው እንጂ፣ ጠንካራ የውስጥ ውድድር ያላት አገር ነበረች። ሁለተኛው፣ ራኬቱ የቡድን ዋንጫውን አላመጣም። ይህን አንዳንድ ሰው ራኬቱ ያን ያህል አልነበረም ለማለት ያነሳዋል። ማስረጃው ግን ያን ያህል አይሸከምም። በስዌይትሊንግ ዋንጫ ሦስት ለሦስት ሆነው ይገናኛሉ፣ አምስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። አንድ ሰው ምንም ያህል የማይበገር ቢሆን ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የሚያመጣው። የተቀሩትን ሁለት ሌሎች ማምጣት አለባቸው።

ነጠላው ግን እንዲህ ላለ ሰው የተመቸ ነው። የተሸነፈ ይወጣል። እያንዳንዱ ተጋጣሚ ሳቶን የሚያገኘው አንዴ ነው፤ ቢበዛ አምስት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ እስከ 21 ነጥብ። በመጀመሪያው ጨዋታ ግራ ይጋባል፣ በሁለተኛው አንድ ነገር መሞከር ይጀምራል፣ በሦስተኛው ምናልባት ይገባው ይሆናል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ አልቋል። የገባውን ነገር ለቀጣዩ ሰው ከመንገር ሌላ የሚያደርገው የለም። መንገር ደግሞ እጅን አያስተምርም። ይህን የሚያስተምር ልምምድ ነው፤ ለልምምድ ደግሞ ማዶ ቆሞ በተመሳሳይ ራኬት የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። በቦምቤይ እንዲህ ያለ ራኬት ከየትም ተገዝቶ አይመጣም። ተቀርጾ ደጋግሞ የሚታይ ፊልምም የለም። የሳቶ ተቃዋሚዎች ሁሉ የሚማሩት ውጤቱ በሚቆጠርበት ሰዓት ነበር።

ተጫዋቹን ራሱን ዝቅ ማድረግ ግን አይገባም። በስፖንጅ መቆጣጠር ቀላል አይደለም፤ ያው የሚያመልጥ ኃይል ባለቤቱንም ያመልጠዋል። ሳቶ ራኬቱን የገዛ እጁ አድርጎት ነበር። ሌሎች ለአሥር ቀን የገጠማቸውን ነገር እሱ ከዚያ በፊት በልምምድ ተገላግሎታል። የጊዜ ክፍተት ያልኩት በሁለቱም በኩል ይሠራል።

የተሸናፊው ምስክርነት

በቦምቤይ ከሳቶ ከተሸነፉት ውስጥ ስለ ጉዳዩ በጣም የተናገረው አሜሪካዊው ማርቲ ራይስማን ነው። የኒው ዮርክ ልጅ፣ ያኔ የ22 ዓመት ወጣት፣ በ1949 የእንግሊዝ ኦፕንን ያሸነፈ፣ ኃይለኛ መቺ። በገንዘብ እየተወራረደ ያደገ፣ የመረቡን ከፍታ በመቶ ዶላር ኖት ይለካል የሚባልለት፣ ከሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር እየዞረ በእረፍት ሰዓት ትርኢት ያሳይ የነበረ ሰው ነው። ስፖንጁ ጨዋታውን እንደገደለው እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2012 ድረስ ሲከራከር ኖሯል።

ምስክርነቱ ዋጋ አለው፣ ግን የተሸናፊ ምስክርነት መሆኑን ሳንዘነጋ ነው። የራይስማን ጥበብ በሙሉ የተገነባው ስፖንጅ ባጠፋው ነገር ላይ ነበር፦ በጠንካራ ምት፣ በጥርት ያለ ድምፅ፣ ተጋጣሚን በማንበብ። ሌላ ማንም እንደ እሱ ሊጎዳ አይችልም። በ1997፣ በ67 ዓመቱ፣ በአሮጌው ራኬት ብቻ በሚካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ሻምፒዮን ሆኗል። ይህ የሚያሳየው ክህሎቱ እንዳልጠፋ ነው፤ ክህሎቱ የሚሠራበት ዓለም ነው የጠፋው። ሰው በዚህ ቢያዝን አይፈረድበትም። ቢሆንም ከራይስማን ታሪክ ተነስቶ ስፖንጅ ክህሎትን አጠፋ ብሎ መደምደም፣ በመጡት ዓመታት የሆነውን አለማየት ነው።

ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ

በ1953 ሻምፒዮናው ቡካሬስት ላይ ሲካሄድ ጃፓን አልተሳተፈችም። ነጠላውን የሃንጋሪው ፌሬንስ ሺዶ በአሮጌው ራኬት አሸነፈ፤ ጥንድና ድብልቅ ጥንድም የእሱ ሆኑ። የቡድን ዋንጫው ለእንግሊዝ ሄደ። ለአንድ ዓመት ቦምቤይ ያልተፈጠረ መሰለ።

በ1954 ለንደን ላይ ጃፓን ተመለሰች፤ ግን ሳቶ የዚህ ምዕራፍ ሰው አይደለም። አዲሱ ስም ኢቺሮ ኦጊሙራ ነው። በፍጻሜው ስዊድናዊውን ታጌ ፍሊስበርግን አሸነፈ፤ ጃፓንም የስዌይትሊንግ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ የሆነው ውጤቱን ብቻ በመደርደር ይታያል፦ በ1955 ዩትሬክት ላይ ቶሺያኪ ታናካ፣ በ1956 ቶኪዮ ላይ ኦጊሙራ፣ በ1957 ስቶክሆልም ላይ እንደገና ታናካ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍጻሜዎች የተጫወቱት ሁለቱ እርስ በርሳቸው ነው። የቡድን ዋንጫውን ጃፓን ከ1954 እስከ 1959 በተከታታይ አምስት ጊዜ አነሳች።

እንግዲህ የቦምቤይ ምስጢር ስፖንጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። በ1954 ስፖንጅ ለማንም ምስጢር አይደለም። አውሮፓውያን አይተውታል፣ ገዝተውታል፣ ለምደውታል። አስገራሚነቱ አልቋል። ጃፓኖች ግን ማሸነፉን ቀጠሉ፣ እንዲያውም ያኔ ነው የጀመሩት ማለት ይቻላል። ምክንያቱም በመካከል ጨዋታውን ለራኬቱ እንደገና ሠርተውት ነበር። ሳቶ በስፖንጅ የሌላውን ኃይል ይመልስ ነበር፤ ኦጊሙራና ታናካ በስፖንጅ የራሳቸውን ኃይል አመነጩ። ኳሱን ሁሉ በቀኝ እጅ ፎርሃንድ ለመምታት ጠረጴዛውን እየዞሩ ይሮጣሉ፤ ያንን የሚችል እግር ለመሥራት ደግሞ ልምምዱ ከጠረጴዛው ርቆ ወደ ሩጫና ወደ ጡንቻ ሄደ። በጎማው ራኬት ዘመን የጥሩ ተጫዋች ዋና ሀብት እጁ ነበር። አሁን እግርም ተጨመረ።

ይህንን ልዩነት አጥብቄ የማነሳው፣ ስለ መሣሪያ በሚደረግ ክርክር ሁሉ ስለሚዘነጋ ነው። በቦምቤይ ያየነው መሣሪያ ይዞ መገኘት ነው፤ ለአንድ ውድድር ይበቃል። ከ1954 ወዲያ ያየነው በመሣሪያው ዙሪያ የተሠራ ሥልጠና ነው። ሁለቱን አንድ ታሪክ ማድረግ ለሳቶም ለኦጊሙራም ፍትሐዊ አይደለም። ኦጊሙራ በጠቅላላው 12 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወስዷል። ከ1987 እስከ ሞተበት 1994 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር፤ በ1991 ቺባ ላይ ሁለቱ ኮሪያዎች በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ካደረጉት ሰዎች አንዱም እሱ ነው።

የሰባት ዓመቱ ክርክር

የፌዴሬሽኑ ነገርስ? ከላይ እንዳየነው መረብ ለመቀነስ ብዙ አልቆየም ነበር። በራኬት ላይ ግን ከ1952 እስከ 1959 ፈጀበት። ዘገየ ቢባል ያስኬዳል፣ ሰነፍ ነበር ለማለት ግን አልቸኩልም።

ሁለት ጽንፎች ነበሩ። አንዱ ወገን ስፖንጅ ፈጽሞ ይጥፋ፣ ወደ ጎማው እንመለስ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ሕጉ ነፃ ነበር፣ ነፃ ይሁን የሚል። በዕለት ተዕለት ጨዋታ ችግሩ ከሁለቱም በላይ ነበር፤ አንዱ በወፍራም፣ አንዱ በስስ፣ አንዱ በራቁት ስፖንጅ፣ አንዱ ጎማ በለበሰ ስፖንጅ ሲመጣ ተጫዋች ጠረጴዛው ጋ ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። የቦምቤይ ክፍተት በአንድ ሰው ተከፍቶ የተዘጋ መሆኑ ቀርቶ፣ በየውድድሩ የሚከፈት ሆነ።

እንደ እኔ ግምት ሙሉ እገዳውን ከባድ ያደረገው የሻምፒዮኖቹ ማንነትም ነው። በ1953 ቢታገድ አንድ እንግዳ ራኬት ታገደ ይባላል። በ1956 ቢታገድ ግን ጃፓን ታገደች ነው የሚባለው፤ ከጦርነቱ ማግሥት በስፖርት ዓለምን ለተቀላቀለች አገር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፌዴሬሽኑ በቆየ ቁጥር እገዳ ከሕግ ጉዳይነት ወደ ፖለቲካ ተሻገረ። ያ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ እንዲፈልግ አስገደደው።

ሦስተኛው መንገድ መለካት ሆነ። በ1959 የተወሰነው ይህ ነው፦ ራቁት ስፖንጅ ተከለከለ። እብጠቱ ወደ ውጭ የሆነ ብቸኛ ጎማ ሙጫውን ጨምሮ ከ2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ ስፖንጅ ከሥር ጎማ ከላይ ያለው ሳንድዊች የሚባለው ደግሞ ሙጫውን ጨምሮ ከ4 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ። የእንጨቱ መጠን፣ ቅርጽና ክብደት እንደ ድሮው ነፃ ቀረ። የሳቶ ራኬት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕገወጥ ሆነ፤ የኦጊሙራ ትውልድ ጨዋታ ግን በሕግ ውስጥ ቀረ።

ይህን ውሳኔ አደንቀዋለሁ። የሰው ጥበብ ከየት እንደሚጀምርና የቁሱ ጉልበት የት እንደሚያበቃ መስመር ማስመር ከባድ ነው፤ እነሱ በሚሊሜትር አሰመሩት፣ መስመሩም እስካሁን አለ። የጠበቁትን ግን አላገኙም። ወፍራሙን ስፖንጅ ሲገድቡ፣ ለስላሳው ጎማ ወደ ውጭ የሆነው ሳንድዊች የሁሉም ምርጫ ሆነ። ኳሱን የሚይዝ ለስላሳ ጎማ ደግሞ ሽክርክሪት ይፈጥራል። በ1960 አካባቢ ጃፓኖች ኳሱን ወደፊት በኃይል የሚያሽከረክረውን፣ ቶፕስፒን ሉፕ የሚባለውን ምት ይዘው መጡ፤ ጨዋታው ስፖንጁ በራቁቱ ካመጣው ለውጥ የበለጠ ተለወጠ። በ2000 ኳሱ ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር ያደገው ከዚህ ዘር የመጣውን ፍጥነትና ሽክርክሪት ለመቀነስ ነው።

በዚያው በ1959 የዶርትሙንድ ሻምፒዮና የጃፓን የነጠላ ጉዞ ተቋረጠ። አሸናፊው ቻይናዊው ሮንግ ጉዎትዋን ነው፤ በማንኛውም ስፖርት የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን። በፍጻሜው የተሸነፈለት ሰው ማን መሰላችሁ? ያው ፌሬንስ ሺዶ፣ በ35 ዓመቱ።

ያው ጥያቄ በሌላ ልብስ

የቦምቤይ ጉዳይ በ1959 አልተዘጋም። ከሃያ ዓመት በኋላ ሕጉን ሳይጥስ በሌላ በር ገባ። ተጫዋቾች በራኬታቸው ሁለት ፊት ሁለት የተለያየ ጎማ ይለጥፋሉ፣ አንዱ ሽክርክሪት የሚሠራ፣ አንዱ የሚገድል፤ ቀለማቸው ግን አንድ ነው። በጨዋታ መሐል ራኬቱን በእጃቸው ያገለባብጡታል። ተጋጣሚው በየትኛው ፊት እንደተመታ በዓይኑ አይለይም። በዚህ ዘዴ ከታወቁት አንዱ ቻይናዊው ካይ ዠንህዋ ነው፤ በ1981 እና በ1983 የነጠላ ፍጻሜ ደርሷል።

በዚህ ጊዜ ሰው ወዴት እንደዞረ ሳስበው ይገርመኛል፤ ወደ ጆሮው። ሁለቱ ጎማዎች ሲመቱ ድምፃቸው ይለያያል፣ ስለዚህ ተጋጣሚዎች ያዳምጡ ጀመር። ሰርቭ የሚያደርገው ደግሞ ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት እግሩን መሬት ላይ ይረግጣል፣ ድምፁ እንዲዋጥ። ሳቶ ሳይደክም በስፖንጅ ያገኘውን ዝምታ እነዚህ በእግራቸው ሠሩት።

የፌዴሬሽኑ መልስ አሁን ፈጠን አለ። የሁለቱ ፊት ቀለም እንዲለያይ ተወሰነ፣ ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ቀይና ጥቁር ሆነ። ከ2021 ወዲህ በቀዩ ፋንታ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ይፈቀዳል፣ ጥቁሩ ግን አይቀርም። ሌላም ትንሽ የምትመስል ሕግ አለች፦ ከጨዋታ በፊት ተጫዋች ራኬቱን ለተጋጣሚውና ለዳኛው ማሳየት አለበት። ተቀብሎ ያገላብጠዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ይመልሳል። ለዓለም ደረጃ ተጫዋች ይህች አፍታ ብዙ ትነግረዋለች። ሁለቱም ሕጎች የሚሠሩት መሣሪያውን በመከልከል ሳይሆን ተጋጣሚ ምን እንደሚጠብቀው ቀድሞ እንዲያውቅ በማድረግ ነው፤ ከ1959ኙ የሚሊሜትር ሕግ ይልቅ የቦምቤይን ቁስል በትክክል የነኩት እነዚህ ይመስሉኛል።

በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ስዊድናዊው ትሩልስ ሞሬጎርድ ስድስት ማዕዘን ባለው ራኬት ተጫውቷል። የዓለም ቁጥር 1 የነበረውን ዋንግ ቹቺንን በ32ቱ ዙር 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንግ በበኩሉ ከዚያ አንድ ቀን በፊት የድብልቅ ጥንድ ወርቁን ሲያከብር ዋና ራኬቱ በፎቶ አንሺዎች ግርግር ተሰብሮበት፣ በተለዋጭ ነበር የተጫወተው። ሞሬጎርድ እስከ ፍጻሜው ዘልቆ በፋን ዠንዶንግ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ስለ ማዕዘኖቹ ብዙ ተወራ፤ ይታገድ የሚል ጠንካራ ድምፅ ግን አልነበረም። ያንን ራኬት በ2021 የሂውስተን ፍጻሜ ላይም ይዞት ነበር፣ ያኔም ያሸነፈው ፋን ነው። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ከጠረጴዛው ማዶ የቆመው ሁሉ አይቶታል፣ በቪዲዮ አጥንቶታል፣ ከጨዋታው በፊትም በእጁ ይዞ አገላብጦታል። የጎማው ውፍረትም እንደማንኛውም ራኬት በ4 ሚሊሜትሩ ገደብ ውስጥ መሆን ነበረበት።